የኩሬ ዓሣ ቫይታሚን፦ ከኩሬው ማግኘት መቼ፣ ከገበያ መግዛት መቼ?

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ
ዘርፍ፦ የዓሣ ሀብት ልማት፣ የመኖ ዝግጅትና አያያዝ

መግቢያ



ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በጓሯቸው ወይም በማሳቸው ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶና አምባዛ ለሚያረቡ አርሶ አደሮች ነው። የኩሬ አቆፋፈርና የጫጩት አለቃቀቅ ቀደም ባሉት ሥልጠናዎች የታዩ ስለሆነ እዚህ አንደግማቸውም። የዛሬው ትምህርት አንድ ጉዳይ ይዟል፤ እሱም ዓሣ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ከየት ያገኛል፣ እርስዎስ ገንዘብ አውጥተው መግዛት ያለብዎት መቼ ነው የሚለው ነው።

ትምህርቱን ከአንድ ስህተት እንጀምር። ስህተቱ የእኔም ጭምር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ስለ ዓሣ እርባታ ሳሠለጥን፣ “ዓሣ ንጹህ ውሃ ይወዳል” ብዬ ነበር። ንጹህ ስል መርዝና ቆሻሻ የሌለበት ማለቴ ነበር፤ ግን አላብራራሁትም። ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ታታሪ ሞዴል አርሶ አደር፣ ነገሩን እንደ ሰማው ሥራ ላይ አዋለው። ከምንጭ ውሃ ጠልፎ በአንድ በኩል እየገባ በሌላ በኩል እንዲወጣ አደረገ። 200 ካሬ ሜትር በሆነው ኩሬ ውስጥ 800 ጫጩት ለቀቀ። ውሃው ሌት ተቀን ስለሚፈስ የኩሬው ወለል ወለል ብሎ ይታይ ነበር። መኖው የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ነበር።

በአምስተኛው ወር መረብ ስንስብ ከዓሦቹ መካከል ጀርባቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ የስንጥባቸው ክዳን አጥሮ ቀዩ ስንጥብ ወደ ውጭ የሚታይ አገኘን። አርሶ አደሩ ደንግጦ፣ “እኔኮ ቫይታሚን እሰጣቸዋለሁ” አለኝና ከቤት አንድ ከረጢት አመጣ። በግ ሸጦ የገዛው የዶሮ ቫይታሚን ነበር። መለያውን መስመር በመስመር አነበብኩት። ቫይታሚን ኤ አለ፣ ዲ አለ፣ ኢ አለ፣ ኬ አለ፣ የቢ ወገኖችም አሉ። ቫይታሚን ሲ ግን የለም። ያንኑም ቢሆን ዱቄቱን ውሃው ላይ ነበር የሚበትነው። ዓሣው ገበያ ሲወጣ ገዢ የጎበጠውን እየለየ ጣለበት።

“ንጹህ ውሃ ይወዳል ብለውን አልነበረም?” ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያኔ መስጠት የነበረብኝ መልስ ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ሲጨርሱ፦
• ዓሣ በሰውነቱ መሥራት የማይችለውን ቫይታሚን ያውቃሉ፤
• የኩሬዎን ውሃ በክንድዎ መርምረው የተፈጥሮ ምግብ መኖሩን ይለያሉ፤
• የእርስዎ ኩሬ የተገዛ ቫይታሚን ያስፈልገው እንደሆነ ይወስናሉ፤
• ቫይታሚን የተጨመረበት መኖ ሳይበላሽ ማዘጋጀትና ማስቀመጥ ይችላሉ።

1. ቫይታሚን ምንድን ነው? ዓሣስ በምን ይለያል?

ቫይታሚን እንደ ፕሮቲን ሥጋ አይሆንም፤ እንደ ስታርችም ጉልበት አይሰጥም። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ የሚለካው በሚሊ ግራም ነው። ነገር ግን ሞፈሩም ቀንበሩም በሬውም ተሟልቶ ወገሉ ከጠፋ እንደማይታረስ ሁሉ፣ ቫይታሚን ከጎደለ የተሰጠው ፋጉሎና ፉርሽካ በአግባቡ ሥጋ አይሆንም።

እንስሳት ሁሉ በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። ላም ሣርና ጭድ እየበላች የቢ ቫይታሚኖችን በጨጓራዋ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ታገኛለች፤ ቫይታሚን ሲንም ሰውነቷ ራሱ ይሠራል። ዶሮም ቫይታሚን ሲ ትሠራለች። ስለዚህ ለዶሮ የሚዘጋጅ የቫይታሚን ቅልቅል ብዙውን ጊዜ ቫይታሚን ሲ አይጨመርበትም። ለዶሮ ትክክል ነው።

ቆሮሶና አምባዛ ግን እንደ ሰው ናቸው፤ ቫይታሚን ሲ በሰውነታቸው መሥራት አይችሉም። ከሚበሉት ካላገኙት ከየትም አያገኙትም። ከላይ ያየነው አርሶ አደር የገዛው ከረጢት ለዶሮ ሙሉ፣ ለዓሣ ጎዶሎ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ዋና ዋና ቫይታሚኖች፣ የጉድለት ምልክቶችና ምንጮች

ቫይታሚን ሲ
ሥራው፦ አጥንትን፣ ቆዳንና የደም ሥርን የሚያያይዘው ክር እንዲሠራ ያደርጋል።
ሲጎድል፦ ጀርባ ይጎብጣል ወይም ወደ ጎን ይጣመማል፤ የስንጥብ ክዳን ያጥራል፤ በክንፍና በቆዳ ላይ ደም ይቋጥራል፤ ቁስል ቶሎ አይድንም።
ምንጩ፦ በኩሬው ውስጥ ያሉ ደቃቅ አረንጓዴ እፅዋትና እንስሳት፣ ትኩስ ቅጠል። በፋጉሎና በፉርሽካ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ቫይታሚን ኤ
ሥራው፦ ለዓይን፣ ለቆዳና ለዕድገት።
ሲጎድል፦ ዓይን ይፈዛል ወይም ያብጣል፤ ደም ይቋጥራል፤ ዕድገት ይዘገያል።
ምንጩ፦ የዓሣ ዘይትና ጉበት። ቆሮሶ በአረንጓዴ ቅጠልና በዋቅላሚ ውስጥ ያለውን ቢጫ ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጣል።

ቫይታሚን ኢ
ሥራው፦ የሰውነትን ስብ ከመበላሸት ይከላከላል።
ሲጎድል፦ ጡንቻ ይሰልላል፤ ጉበት ይታመማል።
ምንጩ፦ ያልቆየ የቅባት እህልና ፋጉሎ። ፋጉሎው ቆይቶ ከቆመጠጠ ግን ቫይታሚን ኢ ራሱ ይጠፋል፤ የተበላሸውም ቅባት ዓሣውን ይጎዳል።

ቫይታሚን ቢ1
ሥራው፦ ስታርችን ወደ ጉልበት ለመለወጥና ለነርቭ።
ሲጎድል፦ ዓሣው መብላት ያቆማል፤ ሚዛኑን ስቶ ይዞራል።
ምንጩ፦ ፉርሽካና እርሾ።
ማሳሰቢያ፦ ዱባ የምንለው ዓሣና ሌሎች አንዳንድ ዓሦች በጥሬያቸው ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር በሰውነታቸው ይዘዋል። ስለዚህ ከዓሣ አስጋሪዎች ያገኙትን ጭንቅላትና የሆድ ዕቃ ለአምባዛ ሲሰጡ ቀቅለው ይስጡ። ሙቀት ያንን ጎጂ ነገር ያጠፋዋል፤ በሽታም አብሮ ይቀንሳል።

ሌሎች የቢ ቫይታሚኖች
ሲጎድሉ፦ የመብላት ፍላጎት ይጠፋል፤ ዕድገት ይቆማል፤ ስንጥብ ያብጣል።
ምንጫቸው፦ ፉርሽካ፣ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርትና የጠላ አተላ። አተላ እርሾ ስላለው ጥሩ ምንጭ ነው፤ ትኩስ አተላ በገፍ ኩሬ ውስጥ መድፋት ግን ውሃውን ያበላሻል። ስለዚህ አጥልለውና አድርቀው ከመኖው ጋር በጥቂቱ ይቀላቅሉ። ቢ12ን በተመለከተ አይጨነቁ፤ ቆሮሶ በአንጀቱ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ራሱ ያገኘዋል።

ጥንቃቄ፦ የጎበጠ ዓሣ ሁሉ ቫይታሚን የጎደለው አይደለም። ከእንቁላሉ ሲፈለፈል ጎብጦ የወጣ፣ በዝምድና መራባት የተበላሸ ዘር፣ በመረብ ወይም በወፍ የተጎዳ፣ በሽታ ያለበት ዓሣም ሊጎብጥ ይችላል። መለያው ይህ ነው፤ ሲለቀቁ ቀጥ ያሉ የነበሩ ዓሦች እያደጉ ሲሄዱ ቁጥራቸው የሚጨምር ጎባጣዎች ከታዩ በመጀመሪያ መኖውን ይጠርጥሩ። ምልክቱን እንዳዩ ለቀበሌዎ የልማት ሠራተኛ ያሳዩ።

3. የመጀመሪያው የቫይታሚን ጎተራ ኩሬው ነው

በደንብ የተያዘ የኩሬ ውሃ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ያደረጉት በዓይን የማይለዩ ደቃቅ እፅዋት ናቸው፤ በተለምዶ ዋቅላሚ እንላቸዋለን። እነሱን የሚበሉ ደቃቅ እንስሳትም በውሃው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ቆሮሶ ሁለቱንም ቀኑን ሙሉ እያጣራ ይመገባል። ፋጉሎውና ፉርሽካው ውስጥ የሌለውን ቫይታሚን የሚያሟላለት ይህ ምግብ ነው።

አርሶ አደሩ ምንጩን ቀን ከሌት ሲያፈስ ያጠበው ቆሻሻ አልነበረም፤ ዓሦቹ የሚበሉትን ቫይታሚን ነበር። በፍግ የሚረባ ኩሬ የሚፈልገው በትነትና በስርገት የጎደለውን ውሃ መተካት ብቻ ነው።

የክንድ ምርመራ
በጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ክንድዎን ቀጥ አድርገውና መዳፍዎን ወደ ላይ ዘርግተው ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ያስገቡ።

• ውሃው ክርንዎ ላይ ሲደርስ መዳፍዎ ሊሰወር ሲል፦ ኩሬው ጥሩ ነው። የያዙትን ይቀጥሉ።
• ውሃው ክርንዎን አልፎም ጣቶችዎ ቁልጭ ብለው ከታዩ፦ ኩሬው ራቁቱን ነው። ፍግ ይጨምሩ፤ የሚፈስ ውሃ ካለ ይዝጉ።
• ውሃው የእጅዎን አንጓ ጥቂት እንዳለፈ መዳፍዎ ከተሰወረ፦ ከመጠን አልፏል። ፍግም መኖም ያቁሙ፤ ንጹህ ውሃ ያስገቡ። እንዲህ ያለ ኩሬ ሌሊት አየር ያጥረዋል፤ ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ ካዩ አደጋው ደርሷል ማለት ነው።

ልብ ይበሉ፤ መዳፍዎን የሰወረው ውሃ ቀለሙ ቡናማ ከሆነ ጭቃ ነው እንጂ ምግብ አይደለም። ጎርፍ የሚገባበትን ቦታ አስቀድመው ይዝጉ።

የፍግ አጠቃቀም
በደንብ የደረቀ የከብት ወይም የዶሮ ፍግ ይጠቀሙ። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ በቀን ከ1 ኪሎ የደረቀ ፍግ አይለፉ። በግማሽ ኪሎ ይጀምሩና በክንድ ምርመራው እየተመሩ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። ፍጉን በኩሬው ጥግ በቀርከሃ ወይም በእንጨት በተሠራ አጥር ውስጥ ያድርጉት፤ እንዳይበተንም ይረዳል። በደጋ ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ አረንጓዴው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ስለዚህ አይጣደፉ።

ትኩስ ቅጠል
ቆሮሶ ቅጠል ይበላል። የሽፈራው፣ የስኳር ድንች፣ የጎመን ቅጠል በደቃቁ ከትፈው በኩሬው ላይ በሚንሳፈፍ የቀርከሃ ክፈፍ ውስጥ ይጨምሩ። በማግስቱ የተረፈውን ያውጡ፤ ከተረፈ መጠኑን ይቀንሱ። ትኩስ ቅጠል ቫይታሚን ሲም የቫይታሚን ኤ ምንጭም ይዟል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቅጠል ግን ቫይታሚን ሲውን አብዛኛውን ያጣል። ለአምባዛ ቅጠል ብዙም አይጠቅመውም፤ እሱ የሥጋ ወዳጅ ነው።

ሁለት ክልከላዎች፦ ፀረ ተባይ የተረጨ ቅጠል ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ጥቂት መርዝ ኩሬ ሙሉ ዓሣ ይጨርሳል። እምቦጭንም ለመኖ ብለው ወደ ኩሬዎ አያምጡ። ጣና ላይ ያደረሰውን ያውቁታል፤ ከአንድ ቁራጭ ይራባል።

4. ቫይታሚን መግዛት ያለበት ማነው?

የሚከተሉትን ሦስት ሁኔታዎች ያንብቡና የእርስዎ ኩሬ የትኛው እንደሆነ ይወስኑ።

ሁኔታ አንድ፦ የአፈር ኩሬ፣ አረንጓዴ ውሃ፣ በካሬ ሜትር 1 ወይም 2 ቆሮሶ።
የተገዛ ቫይታሚን አያስፈልግዎትም። ገንዘብዎን ለጥሩ ጫጩትና ለትኩስ ፋጉሎ ያውሉት።

ሁኔታ ሁለት፦ በካሬ ሜትር ከ2 በላይ ዓሣ ያለበት፣ ወይም በጂኦሜምብሬን የተነጠፈ አዲስ ኩሬ፣ ወይም አረንጓዴ ሊሆን ያልቻለ ውሃ።
የተፈጥሮው ምግብ ለሁሉም አይዳረስም። በመጀመሪያ የዓሣውን ቁጥር መቀነስና ውሃውን አረንጓዴ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይመልከቱ። ካልተቻለ ለዓሣ የተዘጋጀ ቫይታሚን በመኖው ውስጥ ይጨምሩ።

ሁኔታ ሦስት፦ በሐይቅ ላይ በመረብ ቤት፣ በገንዳ ወይም በሲሚንቶ ኩሬ የሚረባ ዓሣ፤ እንዲሁም በጠባብ ቦታ የሚያድጉ ጫጩቶች።
እነዚህ የሚያገኙት እርስዎ የሰጡትን ብቻ ነው። ሙሉ ቫይታሚን ያለው መኖ ግዴታ ነው። የማይገኝ ወይም የማይቻል ከሆነ በዚህ መንገድ እርባታ አይጀምሩ።

5. ሲገዙ መለያውን ያንብቡ

ወደ እንስሳት መድኃኒትና መኖ መሸጫ ሲሄዱ እነዚህን አራት ነገሮች ይመልከቱ። ማንበብ ከከበደዎት ልጅዎን ወይም የልማት ሠራተኛውን ይዘው ይሂዱ።

አንደኛ፦ ቫይታሚን ሲ አለበት? ከሌለበት ብቻውን ለዓሣ አይበቃም።
ሁለተኛ፦ ቫይታሚን ሲው ምን ዓይነት ነው? ተራው ቫይታሚን ሲ በአየር፣ በብርሃን፣ በእርጥበትና በሙቀት ቶሎ ይጠፋል። ከፎስፌት ጋር የታሰረው ዓይነት ግን ይቆያል። ሲገኝ እሱን ይምረጡ።
ሦስተኛ፦ የመጠቀሚያ ጊዜው መቼ ያልፋል? ቀኑ ሩቅ ቢሆንም ፀሐይ ላይ የተሰጠ፣ የተከፈተ ወይም የረጠበ ከረጢት አይግዙ።
አራተኛ፦ መድኃኒት ተቀላቅሎበታል? ለዶሮ ከሚሸጡት ዱቄቶች መካከል ቫይታሚንን እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ካለ ፀረ ተህዋስያን ጋር ያደባለቁ አሉ። እነዚህን ለዓሣ አይስጡ። ሐኪም ያላዘዘው መድኃኒት በሽታውን መድኃኒት ያለምደዋል፤ ቅሪቱም በሚበላው ሰው ላይ ይደርሳል።

6. የመኖ ዝግጅት፦ ለ20 ኪሎ መኖ ምሳሌ

ምን ያህል እናዘጋጅ?
200 ካሬ ሜትር ኩሬ፣ በካሬ ሜትር 2 ዓሣ፣ 400 ዓሣ ይኖርዎታል እንበል። የአንዱ አማካይ ክብደት 50 ግራም ከሆነ ጠቅላላው 20 ኪሎ ነው። በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ ቢመግቡ 600 ግራም፣ በ30 ቀን 18 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ 20 ኪሎ መኖ ለአንድ ወር ይበቃል። ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አያዘጋጁ፤ ምክንያቱን በክፍል 7 ያገኙታል።

ቅልቅሉ
• የኑግ ፋጉሎ 9 ኪሎ
• የስንዴ ፉርሽካ 6 ኪሎ
• ተቀቅሎ የደረቀና የተፈጨ የዓሣ ተረፈ ምርት 3 ኪሎ
• የበቆሎ ዱቄት (ለማጣበቂያ) 2 ኪሎ

በሁኔታ ሁለትና ሦስት ላሉ ኩሬዎች የሚጨመር፦
• የቫይታሚን ቅልቅል፦ መለያው ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ። ለምሳሌ “ለ1 ቶን መኖ 5 ኪሎ” የሚል ከሆነ ለ20 ኪሎ 100 ግራም ነው።
• ቅልቅሉ ቫይታሚን ሲ ከሌለው፦ ለ1 ኪሎ መኖ 100 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ብለን ብናሰላ ለ20 ኪሎ 2 ግራም ያስፈልጋል። ከፎስፌት ጋር የታሰረው ዓይነት 35 በመቶው ብቻ ቫይታሚን ሲ ከሆነ 2 ለ 0.35 ተካፍሎ 6 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን በእህል ሚዛን መለካት አይቻልም፤ ሲገዙ በወርቅ ሚዛን ወይም በመድኃኒት ቤት ሚዛን አስመዝነው በየወሩ መጠን በትናንሽ ፌስታል ያስቋጥሩ።

አሠራሩ በቅደም ተከተል
1ኛ. ፋጉሎውን፣ ፉርሽካውንና የዓሣ ተረፈ ምርቱን በደቃቁ ፈጭተው ያዋህዱ። ከዚህ ውስጥ 5 ኪሎ ለይተው ያስቀምጡ።
2ኛ. የበቆሎ ዱቄቱን በውሃ እንደ ገንፎ ያብስሉ። ገንፎው መኖው ውሃ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈርስ ያጣብቀዋል።
3ኛ. ገንፎውን ያቀዝቅዙ። እጅዎን ከተው ሳያቃጥልዎት ማቆየት እስኪችሉ ድረስ ይጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቫይታሚኑን የሚፈላ ገንፎ ውስጥ መጨመር የከፈሉበትን ገንዘብ እሳት ውስጥ መጨመር ነው።
4ኛ. ቫይታሚኑን በአንድ ጊዜ ከ20 ኪሎ ጋር አይቀላቅሉ፤ አይዳረስም። መጀመሪያ ለይተው ካስቀመጡት 5 ኪሎ ውስጥ ከ1 ኪሎ ጋር በደንብ ያዋህዱ፤ ከዚያ ከቀሪው 4 ኪሎ ጋር፤ በመጨረሻ ከሁሉም ጋር ይቀላቅሉ።
5ኛ. የቀዘቀዘውን ገንፎ ጨምረው ያሹት። በሥጋ መፍጫ አሳልፈው እንደ ፓስታ ያውጡት።
6ኛ. ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር በሸራ ወይም በወንፊት ቆጥ ላይ በስሱ አስጥተው ያድርቁ። ፀሐይ ላይ አያስጡ። በእጅ ሲሰበር ቀጭ የሚል ከሆነ ደርቋል። ከዚያ ለዓሣው አፍ በሚመጥን ልክ ይሰብሩት።

ተራው ቫይታሚን ሲ ብቻ ከተገኘ በዝግጅት ጊዜ አይጨምሩት። የዕለቱን መኖ ሲሰጡ በጥቂት የምግብ ዘይት አሽተው መኖውን ይቀቡትና ያኑ ዕለት ይመግቡ። ዘይቱ ውሃ ውስጥ ቶሎ እንዳይሟሟ ይረዳል።

ቫይታሚን በዱቄቱ ኩሬ ላይ አይበተንም። ይሟሟል፣ ይበተናል፤ ዓሣው አፍ ውስጥ የሚገባው ከምንም አይቆጠርም።

7. አቀማመጥ

ቫይታሚን በተቀመጠ ቁጥር ይቀንሳል። ሙቀት፣ ብርሃን፣ እርጥበትና አየር አራቱ ጠላቶቹ ናቸው። ስለዚህ፦
• መኖውን በደንብ በታሰረ ጆንያ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጠግተው አይቆልሉ።
• የተዘጋጀበትን ቀን በጆንያው ላይ ይጻፉ። በአንድ ወር ውስጥ ይጨርሱት።
• ያልተቀላቀለውን ቫይታሚን በማይተነፍስ ዕቃ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩ። ከማዕድን ዱቄት ጋር ቀላቅለው አያቆዩ፤ ብረትና መዳብ ቫይታሚን ሲን ያፋጥኑበታል፣ ያጠፉታል።
• የሻገተ ፋጉሎ ወይም መኖ ለዓሣም ለላምም አይስጡ። ኑግ ፋጉሎ በእርጥበት ሲሻግት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል። ቫይታሚን መጨመር ያንን መርዝ አያድነውም፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም አያጠፋውም።

8. ቫይታሚን የማይሠራው ሥራ

አንድ ጊዜ የጎበጠ አጥንት አይቃናም። ቫይታሚን የሚሰጠው ገና ያልጎበጡትን ለማዳን ነው። “ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” የሚባለው እዚህም ይሠራል። በቫይታሚን ጉድለት የጎበጠ ዓሣ ለምግብ አደጋ የለውም፤ ቤት ውስጥ ሊበላ ይችላል። ለዘር ግን አያስቀሩት።

ቫይታሚን የፕሮቲን ጉድለትን አይተካም፤ የተጨናነቀ ኩሬን አያሰፋም፤ የአየር እጥረትን አያስወግድም። ዓሣዎ አላድግ ካለ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ውሃውንና የመኖውን መጠን ይመርምሩ። ቫይታሚን ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

9. ክትትልና መዝገብ

በየ15 ቀኑ 20 ዓሣ በመረብ ያውጡ። በደብተርዎ ላይ እነዚህን ይመዝግቡ፦
• ቀን፣ የክንድ ምርመራው ውጤት (ጥሩ፣ ራቁት፣ ከመጠን ያለፈ)፤
• የ20ዎቹ ጠቅላላ ክብደትና አማካዩ፤
• ጀርባው የጎበጠ፣ ስንጥቡ የተጋለጠ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ዓሣ ብዛት፤
• በሁለቱ ሳምንታት የሰጡት መኖና ፍግ፣ የመኖው ዝግጅት ቀን።

ዓሦቹን በእርጥብ እጅ ይያዙ፤ ቶሎ ይመልሱ። በሁለት ተከታታይ ምዝገባ የጎባጣዎች ቁጥር ከጨመረ ሳይውሉ ሳያድሩ ለልማት ሠራተኛው ያሳውቁ።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ያነሳሁት አርሶ አደር ምንጩን ዘጋ፤ ፍግ ጀመረ፤ በሁለተኛው ዙር 400 ጫጩት ብቻ ለቀቀ፤ የተከተፈ የሽፈራው ቅጠልም ይጨምር ነበር። በዚያ ዙር መረብ ስንስብ የጎበጠ ዓሣ አላየንም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስላደረገ የትኛው ይበልጥ እንደረዳው ለይቼ መናገር አልችልም። የዶሮውን ቫይታሚን ግን ለዶሮዎቹ ሰጠው፤ ከቤቱ የወጣች ሳንቲም አልነበረችም።

ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህን ይያዙ፦ ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ክንድዎን ኩሬው ውስጥ ያስገቡ። ውሃው አረንጓዴ ከሆነና ዓሣው ካልተጨናነቀ ቫይታሚኑ እዚያው አለ። ከሌለ ደግሞ ለዓሣ የሚሆነውን፣ ቫይታሚን ሲ ያለበትን፣ በቀዘቀዘ መኖ ውስጥ ቀላቅለው ይስጡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የእርስዎ ኩሬ ከሦስቱ ሁኔታዎች የትኛው ነው? ምክንያትዎን ለቡድንዎ ያስረዱ።
2. የዶሮ ቫይታሚን ለዓሣ ለምን አይበቃም?
3. ጎረቤትዎ ቫይታሚን የሚፈላ ገንፎ ውስጥ ሲጨምር ቢያዩ ምን ይሉታል?
4. 300 ዓሣ አለዎት፤ አማካይ ክብደታቸው 80 ግራም ነው። በ3 በመቶ ሂሳብ የአንድ ቀንና የ30 ቀን መኖ ስንት ኪሎ ይሆናል? (መልስ፦ በቀን 720 ግራም፣ በ30 ቀን 21.6 ኪሎ)

የተግባር ሥራ

በሚቀጥለው የልማት ቡድን ስብሰባ በሁለት አባላት ኩሬ ላይ የክንድ ምርመራ ያድርጉ፤ ውጤቱን አወዳድረው ለቀጣዩ ወር የሚወስዱትን እርምጃ በመዝገብዎ ላይ ይጻፉ።